«ኖርማል» የተባለው 1.2

ይድረስ፦ ለሕክምና ላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ ለተመላላሽ ክፍል ሐኪሞች፣ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የጤና ቢሮዎች በያሉበት

ጉዳዩ፦ የኩላሊት ምርመራ ውጤት አጻጻፍና የሕመምተኞች ክትትል እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። ሕመምተኛ እኔ ዘንድ ሲደርስ እናንተን ሁሉ ጨርሶ ነው፦ የላቦራቶሪውን መስኮት፣ የተመላላሹን ወረፋ፣ የመድኃኒት ቤቱን ባንኮኒ። ስለዚህ የእናንተን ሥራ የማየው ከመጨረሻው ገጽ ነው፤ ያውም በፌስታል ተጣጥፎ በመጣ ወረቀት።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም አንድ ፌስታል ነው። የ74 ዓመት እናት ሌሊት በቃሬዛ ገቡ። እግራቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ኩላሊት አጣርቶ ማስወጣት ያለበት ክሪያቲኒን የተባለው የደም ቆሻሻ 9፣ ፖታሲየማቸው 7.1፤ ሁለቱም እጅግ ከፍ ያሉ። አንገታቸው ላይ ጊዜያዊ ካቴተር፣ ደም የሚመላለስበት ቱቦ፣ ገብቶ የእጥበት ማሽኑ ጀመረ። የመጀመሪያ እጥበት አጭር ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፤ ቆሻሻው በአንዴ ከተጠረገ አንጎል ሊያብጥ ይችላልና። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ልጃቸው ፌስታሉን ከፈተችልኝ። «ሲስተር፣ እናቴ ሦስቴ ተመርምራ ሦስቴም ኖርማል ነው ተብላለች። ታዲያ መቼ ነው የታመመችው?» አለችኝ።

ወረቀቶቹን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘረጋኋቸው። በ66 ዓመታቸው ክሪያቲኒን 0.8። በ68 ዓመታቸው 1.0። በ70 ዓመታቸው 1.2። በሦስቱም ላይ ከቁጥሩ ጎን «ከ0.6 እስከ 1.2» የሚል መደበኛ መጠን ታትሟል። በሦስቱም ላይ የሐኪም እጅ «ኖርማል» ብሎ ጽፏል፤ በመጨረሻው ላይ እንዲያውም ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ወረቀት የለም። ኖርማል የተባለ ሰው ለምን ብሎ ይመለሳል?

በስልኬ አሰላሁት። ሐኪሞች ጂኤፍአር የሚሉትን፣ ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያጣራ የሚገምተውን ቁጥር ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት 81 ወጣ። ሁለተኛው 61። ሦስተኛው 49። በአራት ዓመት ውስጥ ከማጣራት አቅማቸው 40 ከመቶው ያህል ሄዷል፤ አንዱም ወረቀት ግን «ኖርማል» ከሚለው አጥር አልወጣም። ለልጅቷ ጥያቄ መልስ ነበረኝ ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ግን ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም።

እናንተ የምታውቁትን ልድገመው፤ ምክንያቱም ታውቁታላችሁ፣ ወረቀቱ ግን አያውቀውም። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ጡንቻው ብዙ የሆነ ሰው ብዙ ያመርታል፤ ያረጀ፣ የከሳ፣ እግሩ የተቆረጠ ሰው ጥቂት ያመርታል። ስለዚህ ያው 1.2 በሁለት ሰው ላይ ሁለት ነገር ነው። የ24 ዓመት ወንድ 1.2 ቢኖረው ጂኤፍአሩ 87 አካባቢ ነው፤ እኚያ እናት በ70 ዓመታቸው ያንኑ 1.2 ይዘው 49 ናቸው። ዕድሜና ፆታ ሳይጠይቁ ክሪያቲኒን ማንበብ ቁመት ሳይለኩ ሱሪ እንደመስፋት ነው።

ሌላው ደግሞ ቁጥሩ የሚወጣበት መንገድ ነው። አሥር ጠራጊ ካለው ግቢ አምስቱ ቢቀሩ ቆሻሻው እጥፍ ሆኖ ይቆያል። ጤነኛ እያለ 0.6 የነበረው ሰው 1.2 ሲደርስ ግማሽ ኩላሊቱን አጥቷል፤ በወረቀቱ ላይ ግን የተንቀሳቀሰው 0.6 ብቻ ነው። ከ4 ወደ 5 ሲወጣ ግን ሁላችንም እንደነግጣለን፣ ስልክ እንደዋወላለን፣ ሪፈር እንጽፋለን። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ቀድሞ አልቋል። የምንደነግጠው መደንገጥ በማይጠቅምበት ሰዓት ነው።

ለላቦራቶሪ ኃላፊዎች። ከአንድ ባልደረባችሁ ጋር ስለዚህ ሳወራ «ፎርሙ ላይ ዕድሜ አይሞላም፣ ማሽኑም አያሰላም» ብሎኛል። ማሽኑ ባያሰላ ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ኮምፒውተር ከሌለ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ ይበቃል። ዕድሜ ያልተሞላበትን ፎርም መመለስ ደግሞ መብታችሁ ነው፤ ስም ያልተጻፈበትን ትመልሱ የለም? ቀመሩን የምታሰሉ ካላችሁም የትኛውን እንደያዛችሁ ፈትሹ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቀመር ለጥቁር ሰው ውጤቱን በ16 ከመቶ ያህል ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረው። ጥቁር ሕመምተኛ ኩላሊቱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታይና ሪፈሩ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቀመር ያንን ማባዣ አውጥቶታል። የአንዳንዱ ላቦራቶሪ ሶፍትዌር ግን አሮጌውን ይዞ እንደተቀመጠ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ የማይረባ የሚመስል ነገር እጠይቃለሁ፦ የቀድሞውን ውጤት ከአዲሱ ጎን አትሙልን። 1.2 ብቻውን ዝም ይላል። 0.8፣ 1.0፣ 1.2 ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሕመምተኛዋ ራሷ ታነባቸዋለች።

አሁን ስለ ሽንት። እ.ኤ.አ. በ1827 ሪቻርድ ብራይት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሰውነታቸው ያበጠ ሰዎች ሽንት ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ እንደሚረጋ፣ ሲሞቱም ኩላሊታቸው የተበላሸ ሆኖ እንደሚገኝ ጽፎ አሳይቷል። መሣሪያው ማንኪያና ሻማ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ሙሉ ማሽን ያለው ተመላላሽ ክፍል የስኳር ሕመምተኛን ደም ወስዶ ሽንቱን ሳይጠይቅ ይሸኛል። በእኚያ እናት ፌስታል ውስጥ፣ ከ15 ዓመት በላይ ስኳር ያለባቸው ሆነው ሳለ፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ወደ ሽንት መውጣቱን የሚያሳይ አንድም ውጤት አልነበረም።

ሽንት ውስጥ የሚወጣ አልቡሚን የኩላሊቱ ወንፊት መቀደዱን የሚናገረው ክሪያቲኒን ሳይነቃነቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓመታት ቀድሞ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ተወስዶ አልቡሚኑ ለክሪያቲኒኑ ሲካፈል በግራም ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 መጠንቀቂያ ነው፤ ከ300 በላይ ሩጫ ነው። ጂኤፍአሩ 95 ሆኖ አልቡሚኑ 400 የሆነ ሰው፣ ጂኤፍአሩ 55 ሆኖ አልቡሚኑ 10 ከሆነ ሰው የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ይህን ስናገር የማያምኑኝ ሐኪሞች አጋጥመውኛል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ሁለቱን ምርመራዎች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አቋርጦ የሚያነብበው ለዚህ ነው፤ አንዱን ብቻ ማየት አንድ ዓይን ጨፍኖ መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው። የአልቡሚን መለኪያ የሌለው ቦታ ቢያንስ በሽንት ስትሪፕ ይጀምር፤ ስትሪፑ ላይ ፕሮቲን ከታየ ይላክ።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ቁጥር አይተው ሰው የሚያስለቅሱ አሉና እነሱንም ልውቀስ። ትናንት ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው የዋለ ሰው ክሪያቲኒኑ ቢወጣ «ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ» አይባልም፤ ለዚያ ስም ሦስት ወር ያስፈልጋል። ክሪያቲኒን በየቀኑ እየተለዋወጠ ባለበት ሰው ላይ ቀመሩ ራሱ አይሠራም። ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ የጀመረ ሰው ኩላሊቱ ሳይነካ ክሪያቲኒኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱ ክሪያቲኒን በኩላሊት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች የሚወጣበትን በር ይዘጋልና (ፖታሲየሙንም ግን ከፍ ያደርጋል፣ እዚያ ላይ ቀልድ የለም)። ጡንቻ ለመገንባት ክሪያቲን ዱቄት የሚወስድ ወጣትም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ላይ ሲስታቲን ሲ የሚባለው ምርመራ ይረዳል፤ ከጡንቻ ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም። ካልተገኘ ግን «ምን ወስደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነጻ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለማወቅ ነው። ካወቅን በኋላስ? እዚህ ላይ ሌላ ፌስታል አለኝ።

አንድ አባት ደም ግፊታቸውና የሽንት ፕሮቲናቸው ታይቶ ኢናላፕሪል የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ደግ ሥራ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክሪያቲኒናቸው ከ1.5 ወደ 1.8 ወጣ። ሐኪሙ ደንግጦ መድኃኒቱን አቆመ፤ ካርዳቸው ላይም በቀይ «ኩላሊት ይጎዳል፣ እንዳይሰጥ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያያቸው ሐኪም ሁሉ ያንን ቀይ ጽሑፍ እያነበበ አለፈ። አምስት ዓመት።

ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የመሰሉት መድኃኒቶች ኩላሊት ውስጥ ያለውን ግፊት ያወርዳሉ፤ ግፊቱ ሲወርድ ማጣሪያው ለጊዜው ዝቅ ይላል፤ ያ ዝቅታ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ነው። መመሪያው በአራት ሳምንት ውስጥ እስከ 30 ከመቶ የሚደርስ የክሪያቲኒን ጭማሪ ቢመጣ መድኃኒቱን ቀጥሉ ይላል። ከ1.5 ወደ 1.8 ደግሞ 20 ከመቶ ነው። ከ30 ካለፈ ያኔ የውሃ ማነስ፣ ማስታገሻ፣ የኩላሊት ደም ሥር መጥበብ ይፈለጋል። ስለዚህ መድኃኒቱን የምትጀምሩ ሐኪሞች፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም የሚታይበትን ቀጠሮ አብራችሁ ስጡ፤ ስትሰጡም «ትንሽ ከፍ ይላል፣ አትደንግጡ» ብላችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። የሚቀጥለው ተረኛ ሐኪም እንዳይደነግጥ ነው እንጂ ለሕመምተኛው ብቻ አይደለም። ለማርገዝ ላሰበች ወይም ላረገዘች ሴት ግን እነዚህ መድኃኒቶች አይሰጡም።

ለስኳር ተብለው የወጡት ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚንም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020ና በ2023 የታተሙ ትልልቅ ጥናቶች ስኳር በሌለበት ሰው ላይም የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ አሳይተዋል። እነሱም ሲጀመሩ ጂኤፍአርን ጥቂት ያወርዳሉ፤ እነሱንም በዚያው ድንጋጤ የሚያቆሙ አሉ። ሕመምተኛው ሊያውቀው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ መብላት መጠጣት ሲያቅተው እነዚህንና ኢናላፕሪሉን ለጊዜው ገታ አድርጎ ወደ ሕክምና መደወል፤ ሲሻለው መመለስ። ብዙዎች የመጀመሪያውን ክፍል ሳይሰሙ ይታመማሉ፤ ሁለተኛውን ሳይሰሙ ደግሞ እንዳቆሙ ይቀራሉ።

ፖታሲየም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከክፍላችን ውስጥ የሚያስሮጠን እሱ ነው። ሌላው የኩላሊት ጣጣ ያሳክካል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያሳብጣል። ፖታሲየም ግን ምንም ሳይል ልብ ያቆማል። እኚያ እናት 7.1 ይዘው ሲገቡ የልብ ምት ምርመራቸው (ኢሲጂ) ሞገድ እንደ ድንኳን ጫፍ ሾሎ ነበር። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ተሰጠ፤ ካልሲየም ፖታሲየሙን አንዲት ነጥብ አይቀንስም፣ ልብን እስከዚያው ይጠብቃል እንጂ። ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ተሰጠ፣ ሳልቡታሞል ተነፋ፤ እነዚህም ፖታሲየሙን ለጥቂት ሰዓት ወደ ሴል ውስጥ ይደብቁታል እንጂ ከሰውነት አያስወጡትም። የሚያስወጣው እጥበት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ድንገተኛ ክፍል ኢንሱሊኑን ሰጥቶ «ወርዷል» ብሎ ሕመምተኛውን ለሦስት ሰዓት መንገድ ያሳፍረዋል፤ መንገድ ላይ ተመልሶ ይወጣል።

የላቦራቶሪ ወዳጆቼ፣ የውሸት ፖታሲየምም የሚወለደው ከእጃችን ነው። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ፣ ጡጫ ክፈት ዝጋ እየተባለ፣ ደሙ በቀጭን መርፌ በግድ ከተሳበ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዱና ፖታሲየማቸው ፈሳሹ ውስጥ ይፈስሳል። ፈሳሹ ቀላ ብሎ እያያችሁት 6.4 ብላችሁ አትላኩልን፤ «ናሙናው ተበላሽቷል፣ ይደገም» በሉን። እኛም ስንቀዳ እንጠንቀቅ፤ ይህን ለራሴም ነው የምለው።

ደም ማነሱ ሌላ ነው። ኩላሊት ደም እንዲመረት ትእዛዝ የሚሰጠውን ኤሪትሮፖይቲን ያመርታል፤ ሲደክም ትእዛዙ ይቀራል። ሕመምተኛው ዓመት ሙሉ «ደከመኝ» ሲል «ዕድሜ ነው» ይባላል፤ በመጨረሻ ሂሞግሎቢኑ 6 ሲሆን ደም ይሰጠዋል። የተሰጠው ደም ነፍስ የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከረጢት ሰውነቱ የባዕድ ሥጋን እንዲለይ ያስተምረዋል፣ ነገ ንቅለ ተከላ ቢያገኝ ኩላሊቱን ሊገፋ ይችላል። ቀድሞ የሰውነት ብረት መጠን የሚታይባቸው ፌሪቲንና ትራንስፈሪን ታይተው ብረት ቢሰጥ፣ ካልበቃ የኤሪትሮፖይቲን መርፌ ቢጀመር እዚያ አይደረስም። መርፌው ሲጀመር ደግሞ ሂሞግሎቢንን እስከ 13 ለማድረስ መገስገስ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2006ና በ2009 የታተሙ ጥናቶች ከፍ ማድረጉ ለልብና ለአንጎል ደም ሥር አደጋ እንደሚያመጣ አሳይተዋል።

ስለ አጥንት አጭር ላድርገው። ፎስፌት ይከማቻል፣ ቫይታሚን ዲ ሥራውን ያቆማል፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይወጣና ካልሲየም ከአጥንት ተነጥቆ ደም ሥር ላይ ይለጠፋል። ምግብ ውስጥ ያለውን ፎስፌት የሚያስረው ክኒን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ የሚያስረው ነገር የለም፤ እኔ ያየኋቸው ማዘዣዎች ግን «ጠዋትና ማታ» ብቻ ነው የሚሉት። ሕመምተኛው በባዶ ሆዱ እየዋጠ ለምን እንደሚያሳክከው ይገርመዋል። የደም አሲድም እንዲሁ ነው፤ አሲዱን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት ከ18 በታች ሲወርድ ርካሽ የሶዲየም ባይካርቦኔት ክኒን ይበቃዋል፤ የሚጎድለው ምርመራውን የሚያዝ ሰው ነው።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ሲባል «ጤናማ ጨው» ተብሎ የሚሸጠውን ገዝተው የመጡ ነበሩ። እቃው ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ ይላል። ሶዲየምን ሸሽተው ፖታሲየም ላይ ወደቁ። ምክር ስንሰጥ እስከዚህ ድረስ መውረድ አለብን።

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱም ትልቅ ነው። ወረቀት ባልነበረባቸው አራት ዓመታት እኚያ እናት ዲክሎፌናክ ይወስዱ ነበር፤ ለጉልበታቸው፣ ያለ ማዘዣ፣ በየሳምንቱ። ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ክኒን ጋር ሲደመር ደግሞ ሦስቱ በአንድ ላይ ኩላሊትን ከሁለት በኩል ያንቁታል፤ የሚገባውን ደም ያሳንሳሉ፣ ውስጡ ያለውን ግፊትም ያወርዳሉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስትሸጡ «ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሚያሸና መድኃኒት አለብዎ?» የሚለው ጥያቄ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ካለባቸው ፓራሲታሞል ስጡና ወደ ሐኪም ላኩ። ሜትፎርሚንም ጂኤፍአር ከ45 ሲወርድ መጠኑ ይቀነሳል፣ ከ30 ሲወርድ ይቆማል፤ ጂኤፍአሩ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ግን ባለሙያውስ በምን ይወቅ? ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ወረቀት ይመልሰናል።

አሁን የኔን ጉዳይ ልናገር። ክንድ።

ጂኤፍአሩ ከ30 የወረደ ሰው ወደ ተመላላሽ በመጣ ቁጥር ደም ይቀዳል፣ በተኛ ቁጥር ካኑላ ይገባል፤ ሁልጊዜ ቀላሉ ቦታ፣ የማይጽፍበት እጁ፣ ከአንጓው እስከ ክርኑ። እጥበት የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ ቀዶ ሐኪሙ ደም ወሳጁን ከደም መላሹ የሚያገናኝበት ሥር ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን በጠባሳ የደረቀ ገመድ ነው። ይህ ማገናኛ ፊስቱላ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ጥበብ ነው፤ እስካሁንም የተሻለ አልተገኘለትም። ለመብሰል፣ ሥሩ ሰፍቶ ለእጥበት መርፌ እስኪደርስ ማለቴ ነው፣ ግን ስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። በድንገት የመጣ ሰው ሦስት ወር የለውም፤ ስለዚህ አንገቱ ላይ ካቴተር ይገባል። በካቴተሩ በኩል ደግሞ ባክቴሪያ ይገባል። ልባቸውን አትርፌ በኢንፌክሽን የቀበርኳቸውን ሰዎች ቁጥር እዚህ አልጽፍም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ጂኤፍአር ከ30 በታች ሲሆን ካርዱ ላይ «ይህ እጅ አይወጋ» ብላችሁ ጻፉ። ደሙን ከእጅ ጀርባ ቅዱ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ያኔውኑ ስጡ፤ ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም ሰውነቱ ለክትባቱ በደንብ አይመልስም።

ማን መቼ እንደሚደርስ ደግሞ ግምቱ እንደ ድሮው ጭፍን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ስሌት አለ፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ጂኤፍአርና የሽንት አልቡሚን አስገብቶ በሁለትና በአምስት ዓመት ውስጥ ኩላሊቱ የመድከም ዕድሉን በመቶኛ ያወጣል። አራት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ አራቱም ከዚያው ወረቀት ላይ መገኘት የነበረባቸው ናቸው። ዕድሉ ከፍ ያለውን ሰው ቤተሰቡን ጠርቶ ስለ ንቅለ ተከላ፣ ስለ ፊስቱላ፣ በሆድ በኩል ስለሚደረግ እጥበት፣ እጥበት ለማይፈልግ አረጋዊም ያለ ማሽን ሕመሙን እያስታገሱ ስለመኖር መነጋገር ይቻላል። ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻ ቶሎ ማሽን ላይ ማስተኛትም አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ቀድሞ የጀመረው ሰው ምልክት እስኪታይ ከጠበቀው ሰው የበለጠ ዕድሜ እንዳላገኘ አሳይቷል። ማሽኑን እወደዋለሁ፣ እንጀራዬም ነው፤ ቢሆንም ያለ ቀኑ ማንም እንዲተኛበት አልሻም።

ለጤና ቢሮዎች የምለው ከዚህ ሁሉ ያጠረ ነው። አንድ ገጽ ሰርኩላር ይበቃል፦ ክሪያቲኒን የሚሠራ ላቦራቶሪ ሁሉ ጂኤፍአርና የቀድሞውን ውጤት አብሮ ያትም፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሽንት አልቡሚኑ ይታይ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አዲስ ማሽንም የሚያስፈልገው ለጥቂቶቹ ነው።

እኚያ እናት በሕይወት አሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ። ፊስቱላቸው በስሏል፤ ጣት ሲያሳርፉበት ሥሩ ይርገበገባል፤ «ንብ ገባብኝ» እያሉ ያስቁናል። መልሱን ለልጃቸው ነግሬያት ነበር፤ ወረቀቶቹን ዘርግቼ፣ 81፣ 61፣ 49 ብዬ። ሰምታ ዝም አለች።

ባለፈው ወር ራሷ ተመርምራ መጣች። ዕድሜዋ 45 ነው፤ ስኳር ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ክሪያቲኒን 1.0 ይላል። ጂኤፍአር የለበትም። ሽንቷን የጠየቃት የለም። ከቁጥሩ ጎን በእስክሪብቶ «ኖርማል» ተጽፏል።

«ስንት ነው ሲስተር?» አለችኝ። አሰላሁት፤ 71 ነው። የሽንት ብልቃጥ ሰጥቼ ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንዲት የእጥበት ክፍል ነርስ

አባሪ፦ ስም የተሰረዘባቸው 4 የላቦራቶሪ ወረቀቶች ቅጂ

ግልባጭ፦
ለሕመምተኞችና ለቤተሰቦቻቸው